ጅማቱ ከየት ይወሰድ? የጉልበት ጥያቄዎቻችሁ

ባለፈው እትም ስለ ጉልበት ጉዳት ጽፈን ነበር፣ ከዛ በኋላ የመጡት ጥያቄዎች ግን አብዛኞቹ ወደ አንድ ነገር የሚያመሩ ናቸው፣ የተበጠሰ ኤሲኤል (ጉልበት መሀል ያለው ጅማት) ከራስ ሰውነት በተወሰደ ጅማት ሲሠራ ምን ይሆናል የሚል። ስለዚ ይሄን እትም ሙሉውን ለሱ ሰጥተነዋል። ረዣዥሞቹን አሳጥሬያለሁ፣ የሚመሳሰሉትንም አንድ ላይ አድርጌያለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር እንደምን አሉ። 23 ዓመቴ ነው፣ ኳስ እጫወታለሁ። ኳስ ይዤ በድንገት ስዞር ጉልበቴ ውስጥ ቋ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ማንም አልነካኝም፣ ማታውኑ አበጠ። ኤምአርአይ ስነሳ ኤሲኤሉ ሙሉ በሙሉ ተበጥሷል ተባለ። ሐኪሙ ከራስህ እግር ጅማት ወስደን አዲስ እንሠራልሃለን ሲለኝ ግን ግራ ገባኝ። አንድ የተጎዳ ቦታ ለመጠገን ብሎ ሌላ ጤነኛ ቦታ መቁረጥ ምን የሚሉት ነው? የተበጠሰውን ለምን አይሰፉትም? ወይስ በዚህ ዘመን ሰው ሠራሽ ነገር የለም?

መልስ፦ የሚገርም ጥያቄ አይደለም፣ ሐኪሞችም ራሳቸው ከመቶ ዓመት በላይ ሲከራከሩበት የኖሩት ነው። መጀመሪያ ጅማቱ የት እንዳለ ልንገርህ። ኤሲኤል ጉልበትህ መሀል ውስጥ ሆኖ የጭን አጥንትን ከቅልጥም አጥንት ጋር በሰያፍ የሚያያይዝ ነው፣ ሥራው ቅልጥምህ ወደፊት እንዳይንሸራተት እና ስትዞር ጉልበትህ እንዳይጠመዘዝ መያዝ ነው። ጣጣው የመጣው ካለበት ቦታ ነው። ሌላ ቦታ ያለ ጅማት ሲበጠስ ደም ይፈስና ይረጋል፣ የረጋው ደም ሁለቱን ጫፎች አገናኝቶ ወደ ጠባሳ ይለወጣል፣ በዛው ይድናል። ከጉልበት ጎን በውስጥ በኩል ያለው ጅማት ብዙ ጊዜ ያለ ቀዶ ጥገና የሚድነው ለዚህ ነው። ኤሲኤል ግን የመገጣጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ ስላለ ደሙ ሳይረጋ ይታጠባል፣ ጫፎቹም ተራርቀው ይቀራሉ።

መስፋትማ ተሞክሯል። እንግሊዝ ሊድስ ውስጥ ሜዮ ሮብሰን የሚባል ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1895 ሰፍቶታል፣ ከሱ በኋላም እስከ 1980ዎቹ ድረስ ለብዙ ሰው ተሰፍቷል፣ ግን ትንሽ ዓመታት ሲያልፉ የብዙዎቹ ጉልበት መልሶ መላላት ጀመረ። አሁን ደግሞ ጅማቱ ከመሀሉ ሳይሆን ከጭኑ አጥንት ላይ ከሥሩ ተነቅሎ ከሆነ መልሶ የማጣበቅ ነገር እንደገና እየተሠራበት ነው፣ ለተመረጡ ሰዎች ብቻ። ያንተ እንደዛ እንደሆነ ሐኪምህን ጠይቀው፣ መጠየቅ ነውር የለውም።

ሰው ሠራሹም እንደዚሁ ተሞክሯል። በ1980ዎቹ ጎርቴክስ፣ ዳክሮን፣ የካርቦን ክር ምናምን ገብቶ ነበር፣ ሁሉም ደስ ብሎት ነበር ምክንያቱም ከሰውየው ምንም አይቆረጥም፣ ጠንካራ ነው፣ ሰውየውም ቶሎ በእግሩ ይቆማል። ከዛ ክሩ አጥንት ላይ እየተፈተገ ብናኙ ጉልበት ውስጥ ቀረ፣ ጉልበቱ አበጠ፣ ጥቂት ቆይቶም ክሩ ራሱ ተበጠሰ። ፕላስቲክ ሲያልቅ ራሱን አይጠግንም፣ ጉልበት ደግሞ በየቀኑ ሺህ ጊዜ ይታጠፋል፣ ሂሳቡ አይመጣም።

ከሟች ለጋሽ የሚወሰድ ጅማትም አለ፣ ይሄ መጥፎ አይደለም፣ ኦፕራሲዮኑ ያጥራል፣ ካንተ የሚቆረጥ ነገር የለም፣ ዕድሜው ገፋ ላለና ሩጫ ለማያበዛ ሰው ጥሩ ይሠራል። ላንተ ዕድሜ ግን አልመክርም። ሰውነት ቀስ ብሎ ነው የሚቀበለው፣ አንዳንዱ ደግሞ ከጀርም ለማጽዳት ብለው ጨረር ሲያሳርፉበት ይዳከማል፣ ወጣት ስፖርተኞች ላይ ከራስ ጅማት በበለጠ እንደሚበጠስ በተደጋጋሚ ታይቷል። የራስህ ጅማት ከማንም በሽታ ይዞ አይመጣም፣ ሰውነትህም ባዕድ ነው ብሎ አይዋጋውም። ይሄን መንገድ ከጀመሩት አንዱ ሄይ ግሮቭስ የሚባል የብሪስቶል ሐኪም ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1917 ከጭን ውጫዊ ጎን ያለውን ጠፍጣፋ ጅማት ወስዶ አጥንት ውስጥ በተቀደደ ቀዳዳ አሳለፈው። የዛሬው ኦፕራሲዮን በካሜራ ነው የሚሠራው እንጂ ሐሳቡ ያው ነው።

ጤነኛ ቦታ መቁረጥ ምን የሚሉት ነው ላልከው ግን አላባብልህም፣ ዋጋ አለው። ከየትም ይወሰድ ከየት የተወሰደበት ቦታ የሆነ ነገር ይከፍላል፣ ስለዚ ዋናው ጥያቄ የትኛው ቦታ ቢከፍል ላንተ ኑሮ ይሻላል የሚለው ነው። የሚቀጥለውን ጥያቄ አንብበው፣ እዛ ላይ ሰፋ አድርጌ መልሼዋለሁ።

ጥያቄ፦ ዶክተር 34 ዓመቴ ነው፣ ሥራዬ ሴራሚክ ማንጠፍ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ተንበርክኬ ነው የምውለው። ኤሲኤሌ ተበጥሶ ጉልበቴ እየከዳኝ ስለሆነ ልሠራው ወስኛለሁ። አንዱ ሐኪም ከጉልበት ሎሚ ሥር ካለው ጅማት ይሻላል አለኝ፣ ሌላው ከጭን ኋላ አለኝ፣ የማውቀው ልጅ ደግሞ ከቁርጭምጭሚት ነው የተወሰደለት። ማንን ልመን?

መልስ፦ ወንድሜ ሥራህን መጻፍህ በጣም ጥሩ ነው፣ ሐኪሞቹ ጠይቀውህ ነበር? ካልጠየቁህ አንተ ንገራቸው፣ ምክንያቱም መልሱን የሚወስነው ግማሹ እሱ ነው።

ከሎሚው ሥር የሚወሰደው እንዲህ ነው፣ ሎሚውን ከቅልጥም ጋር የሚያያይዘው ወፍራም ጅማት አለ አይደል፣ ከሱ መሀል ላይ አንድ ሦስተኛውን፣ 10 ሚሊሜትር ገደማ ስፋት ያለውን፣ በሁለቱም ጫፍ ትንሽ ትንሽ አጥንት አስከትለው ያወጡታል። ትልቁ ጥቅሙ ያ አጥንት ነው፣ ቀዳዳው ውስጥ ሲገባ አጥንት ከአጥንት ጋር ስለሚገጥም በስድስት ሳምንት ገደማ ይያያዛል፣ ጅማት ብቻውን ከአጥንት ጋር ለመያያዝ ግን ከዛ በላይ ይፈልጋል። ለዛ ነው ብዙ ሐኪሞች ለፕሮፌሽናል ኳስ ተጫዋች ይሄን የሚመርጡት። የሚከፈለው ደግሞ ፊት ለፊት ነው፣ ሲንበረከኩ ማመም፣ ከሎሚው ሥር መቆጥቆጥ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ (በጣም ጥቂት ሰው ላይ ነው) ሎሚው ራሱ መሰንጠቅ። አንተ እንግዲህ በጉልበትህ ቆመህ ነው እንጀራህን የምትበላው፣ ይሄን ሰው ነግሮህ ነበር? ለኔ ላንተ የመጨረሻው ምርጫ ይሄ ነው።

ከጭን ኋላ የሚወሰደው፣ ሀምስትሪንግ የሚባለው፣ ከጭን ኋላና ከውስጥ በኩል ያሉ የሁለት ጡንቻዎች ጅማት ነው። ከጉልበት ዝቅ ብሎ በውስጥ በኩል ትንሽ ይቀደድና በልዩ መሣሪያ ተጎትቶ ይወጣል፣ ከዛ ታጥፎ አራት ድርብ ይደረጋል። ጠባሳው ትንሽ ነው፣ መንበርከክ ላይ ያለው ችግርም በጣም ያነሰ ነው። ሁለት ነገር ግን እወቅ። አንደኛ ውፍረቱ ከሰው ሰው ይለያያል፣ ታጥፎ ከ8 ሚሊሜትር በታች ከሆነ የመበጠስ ዕድሉ ከፍ ይላል፣ ቀጭንና አጭር ሰው ላይ ይሄ ያጋጥማል፣ ስለዚ ከ8 በታች ከመጣ ምን ታደርጋለህ ብለህ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ጠይቀው፣ ጥሩ ሐኪም መልስ አለው። ሁለተኛ ጉልበትን እስከ መጨረሻ አጥፎ ተረከዝን ወደ መቀመጫ የመሳቡ ኃይል ትንሽ ይቀንሳል። ለአጭር ርቀት ሯጭ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ላንተ ግን ብዙም የምታውቀው አይመስለኝም። ደስ የሚለው ነገር ብዙ ሰው ላይ የተወሰደው ጅማት ከጊዜ በኋላ መልሶ ይበቅላል፣ እንደ ድሮው ባይሆንም።

ሦስተኛው ከሎሚው በላይ፣ የፊተኛው የጭን ጡንቻ የሚያልቅበት ጅማት ነው። ወፍራም ነው፣ የሚፈለገውን ያህል ይገኛል፣ መንበርከክንም ከሎሚው ሥር ካለው ያነሰ ነው የሚነካው። ጉዳቱ የፊት ጭን ጡንቻ የመጀመሪያዎቹን ወራት በጣም መድከሙ ነው፣ ፊዚዮቴራፒ ላይ ሰነፍ ለሆነ ሰው አይመከርም። የቁርጭምጭሚቱ ደግሞ ከውጭ በኩል የሚያልፍ ረጅም ጅማት ነው፣ የሚጠቀሙት ሐኪሞች አሉ፣ ቁርጭምጭሚት ላይ ትንሽ ድክመት ሊተው ይችላል፣ አንተ ደግሞ ቁጢጥ ስትል ስትነሳ ቁርጭምጭሚትህም ይፈለጋል።

ስለዚ እኔ ብሆን ሀምስትሪንግ ወይም ከሎሚው በላይ ያለውን ነበር የምመርጠው። ማንን ልመን ላልከው ግን ሁለቱም አልዋሹህም። ሁለቱንም አንተ ራስህ በብዛት የምትሠራው የትኛውን ነው ብለህ ጠይቃቸው፣ እጁ የለመደውን የሚሠራ ሐኪም በወረቀት ላይ የተሻለ የሚባለውን ለመጀመሪያ ጊዜ ከሚሞክርብህ ይሻላል።

ጥያቄ፦ የ13 ዓመት ልጄ ቅርጫት ኳስ ስትጫወት ኤሲኤልዋ ተበጠሰ። አንዳንዱ እስክታድግ ጠብቂ ይለኛል፣ አንዳንዱ አሁኑኑ አሠሪ ይለኛል። ከልጄ ከሚቆርጡባት ከኔ ቢወስዱ አይሆንም ወይ? እናት ነኝ፣ እኔ ችግር የለብኝም።

መልስ፦ እህቴ መጀመሪያ ስለ መጨረሻው ልመልስልዎት፣ ሐሳቡ የእናት ሆድ የወለደው ብቻ አይደለም፣ አውስትራሊያ ውስጥ ከወላጅ ሀምስትሪንግ ወስደው ለልጅ የሠሩ ሐኪሞች አሉ። ግን የተለመደ አይደለም፣ ሁለት ሰው ኦፕራሲዮን ማድረግ ማለት ነው፣ ብዙ ቦታም አይሠራም። አብዛኛው ሐኪም ከልጅቷ ከራሷ ነው የሚወስደው።

ጠብቂ ያሉዎት ሰዎች የፈሩት ነገር አለ። የልጅ አጥንት የሚያድገው ጫፍ አካባቢ ባለ ስስ የእድገት መስመር ነው፣ ከጉልበት በላይና በታች ያሉት ደግሞ ለእግር ቁመት ዋናዎቹ ናቸው። ያ መስመር ላይ አጥንት ወይም አዲሱን ጅማት አጥንት ላይ የሚይዘው ብሎን ከተቀመጠበት እድገቱ እዛው ይቆማል፣ እግር ሊያጥር ወይም ሊጣመም ይችላል። ለዛ ነው በማደግ ላይ ላለ ልጅ ያ አጥንት ያለበት የሎሚ ሥር ጅማት የማይመረጠው። ሀምስትሪንግ ወይም ከሎሚ በላይ ያለው ጅማት ብቻውን፣ ያለ አጥንት ይወሰዳል፣ ቀዳዳውም ቀጭንና ቀጥ ያለ ይሆናል፣ ገና ብዙ ለሚቀራቸው ትንንሽ ልጆች ደግሞ የእድገቱን መስመር ጭራሽ ሳይነኩ የሚሠራበት ዘዴ አለ። የእጅ ወይም የጉልበት ራጅ ተነስታ ምን ያህል እድገት እንደቀራት ይታያል፣ ሴት ልጅ የወር አበባ ከጀመረች በኋላ ብዙ አይቀራትም፣ 13 ዓመት ላይ ያለች ልጅ ቁመቷ ሊጨርስ የተቃረበ ሊሆን ይችላል፣ ይሄን ይጠይቁ።

መጠበቁስ? መጠበቅ ብቻውን ነጻ አይደለም። ጉልበቱ በከዳ ቁጥር ውስጥ ያለው ሜኒስከስ (በሁለቱ አጥንቶች መሀል እንደ ትራስ የሚያገለግለው) ሊቀደድ ይችላል፣ እሱ ደግሞ አንዴ ከሄደ በወጣትነት የጉልበት አንጓ ብግነት ያመጣል። ልጅ ደግሞ አትሩጪ ቢሏት ትሮጣለች። የልጆችን ጉልበት አዘውትሮ የሚሠራ ሐኪም ዘንድ ይውሰዷት፣ እዚህ ላይ ግን ጎረቤት አያማክሩ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ እንደ ቅርጫት ኳስና እግር ኳስ ባሉ ስፖርቶች ሴት ልጆች ኤሲኤል የሚበጠስባቸው ከወንዶች ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። ፊፋ 11+ የሚባል ለእግር ኳስ የተዘጋጀ 20 ደቂቃ ገደማ የሚወስድ ማሟሟቂያ አለ፣ ኖርዌይ ውስጥ ወጣት ሴት ተጫዋቾች ላይ ተሞክሮ ከባድ ጉዳትን በግማሽ ገደማ ቀንሷል፣ አብዛኛው እንቅስቃሴው (ዘሎ በጉልበት ሳይጠመዘዙ ማረፍ፣ በአንድ እግር መቆም፣ የጭን ኋላ ጡንቻ ማጠንከር) ለቅርጫት ኳስም ይሠራል። ለጓደኞቿ አሰልጣኝ ይንገሩልኝ።

ጥያቄ፦ ኤሲኤሌ በሀምስትሪንግ ከተሠራ አምስት ወር ሞላኝ፣ 21 ዓመቴ ነው፣ ሴት ተጫዋች ነኝ። ምንም አያመኝም፣ እሮጣለሁ፣ እዘላለሁ፣ ቡድኔ ደግሞ ወሳኝ ጨዋታ አለበት። ፊዚዮዬ ዘጠኝ ወር ይላል። ማጋነን አይደለም?

መልስ፦ አይደለም፣ ፊዚዮሽ ልክ ናት ወይም ልክ ነው። አለማመሙን እርሺው፣ ህመም እዚህ ጋር ምንም አይነግርሽም።

ጉልበትሽ ውስጥ የገባው ጅማት ሲገባ የደም ሥሩ ተቆርጦ ነው፣ ስለዚ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጥ ሕዋሶቹ ይሞታሉ። ክሩ ይቀራል፣ በሱ ላይ የራስሽ አዲስ ሕዋስና የደም ሥር ሐረግ የደረቀ ግንድ ላይ እንደሚወጣ እየተሳበ ይገባል፣ አሮጌውን እየበላ አዲስ ይሠራል። ይሄ ፈርሶ የመሠራት ሥራ ያለ ጊዜ አይጨርስም፣ አንድ ዓመት አንዳንዴም ሁለት ዓመት ይሄዳል። የሚገርመው ጅማቱ በጣም ደካማ የሚሆነው ኦፕራሲዮኑ ማግስት ሳይሆን ከዛ በኋላ፣ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፣ ልክ እብጠቱ ጠፍቶ ክራንቹን ጥለሽ ድኛለሁ ባልሽበት ሰዓት። አምስተኛ ወር ላይ ከዛ ወጥተሻል፣ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ነሽ።

ዘጠኝ ወር የሚለው ቁጥር ከባዶ አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የኖርዌይና የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጥናት እስከ ዘጠነኛው ወር ድረስ ወደ ስፖርት መመለስን በአንድ ወር ባዘገዩ ቁጥር ጉልበት እንደገና የመጎዳቱ ነገር በ51 ፐርሰንት ይቀንስ እንደነበር አሳይቷል። በየወሩ ነው የምልሽ። ከ25 ዓመት በታች ሆነው ወደ ስፖርት ከሚመለሱት ደግሞ አራት አምስት ሰው ውስጥ አንዱ ወይ ያንኑ ወይ የሌላኛውን እግር ኤሲኤል ይበጥሳል። አንቺ 21 ነሽ፣ ሴት ነሽ፣ ኳስ ትጫወቻለሽ፣ ሁሉም መስፈርት ላይ አለሽበት።

የሊቨርፑሉ ተከላካይ ቫን ዳይክ እንኳን በጥቅምት 2020 እ.ኤ.አ. ተጎድቶ ውድድር ላይ የተመለሰው በነሐሴ 2021 ነው፣ ሊቨርፑል በዛ ዓመት ተከላካይ አጥቶ ሲንገላታ ሁሉም አይቷል፣ ግን አላጣደፉትም።

ወሩ ብቻውን ደግሞ አይበቃም። የተሠራው እግር የጡንቻው ኃይል ተለክቶ ከጤነኛው ቢያንስ 90 ፐርሰንት መድረስ አለበት፣ በአንድ እግር ዝላይም እንደዛው፣ ከዛ ደግሞ አእምሮሽ መፍራት ማቆም አለበት፣ እየፈራ የሚጫወት ሰው አረማመዱ ሌላ ነው። ለቡድኑ ጨዋታ ከጎን ሆነሽ ጩሂላቸው።

ጥያቄ፦ 41 ዓመቴ ነው፣ የቢሮ ሠራተኛ ነኝ፣ ደረጃ ላይ ወድቄ ኤሲኤል ተበጥሷል ተባልኩ። ስፖርት አልሠራም፣ እራመዳለሁ ብቻ። የግድ መሠራት አለብኝ?

መልስ፦ የግድ አይደለም። ስዊድን ውስጥ የተሠራ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ጥናት አለ፣ 121 ወጣትና ንቁ ሰዎችን ሁለት ቦታ ከፍለው ግማሾቹን ቶሎ ኦፕራሲዮን አደረጉ፣ ግማሾቹን በፊዚዮቴራፒ ጀምረው ካስፈለገ ብቻ እንሠራላችኋለን አሏቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሁለቱ ቡድኖች ስለ ጉልበታቸው የሰጡት ነጥብ ልዩነት አልነበረውም፣ ሁለተኛው ቡድን ውስጥ ካሉት ከግማሽ በላዩ ደግሞ እስከዛ ድረስ የኤሲኤል ኦፕራሲዮን አላስፈለጋቸውም። እነሱ ከእርስዎ ያነሱና የሚሮጡ ሰዎች ነበሩ። ስለዚ ሦስት ወር ጠንከር ያለ ፊዚዮቴራፒ ይሥሩ፣ ከዛ በኋላ ጉልበትዎ ሲራመዱ ወይም ዞር ሲሉ የሚከዳዎት ከሆነ ያኔ ስለ ጅማት እናወራለን፣ ካልከዳዎት የራስዎ ጅማት ባለበት ይቀመጥ። ኤምአርአዩ ላይ ሜኒስከስም ተቀዷል የሚል ካለ ግን ጉዳዩ ይለያል፣ ያንን ለሐኪምዎ ያሳዩ።

ጥያቄ፦ ሁለት ሳምንት ቀረኝ ለኦፕራሲዮን፣ ጉልበቴ ግን ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም፣ አሁንም አብጧል። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። ሳይዘረጋና እንዳበጠ የገባ ጉልበት ብዙ ጊዜ እንደደረቀ ነው የሚወጣው። ቀንም ቢሆን ማዛወር ይሻላል፣ ጅማቱ ከተበጠሰ በኋላ የሚያሳድድህ የለም። በረዶ፣ ተረከዝህ ሥር ትራስ አድርገህ ጉልበትህን አየር ላይ ትተህ መዘርጋት፣ የፊት ጭንህን ማጥበቅ፣ በየቀኑ። የምታጨስ ከሆነ ደግሞ አሁኑኑ አቁም፣ የደም ሥሩን የምትፈልገው ለአዲሱ ጅማት ነው። ሜኒስከስ ተሰክቶ ከሆነ ጉልበትህ የማይዘረጋው ግን ያ በልምምድ አይፈታም፣ ለሐኪሙ ንገረው።

ጥያቄ፦ ከተሠራሁ ሦስት ሳምንቴ ነው፣ ከጠባሳው ጎን ቅልጥሜ ላይ ቆዳዬ ደንዝዟል፣ ነርቭ ቆረጡብኝ እንዴ? ብሎኑስ ይወጣል?

መልስ፦ እዛ ጋር በቆዳው ሥር የሚያልፉ ስስ የስሜት ነርቮች አሉ፣ ጅማቱ ሲወሰድ ይነካሉ፣ በጣም የተለመደ ነው። እግርህን ለማንቀሳቀስ የሚያገለግሉ አይደሉም፣ የደነዘዘው ቦታ በወራት ውስጥ እየጠበበ ይሄዳል፣ ትንሽ ክብ ግን ሊቀር ይችላል። ብሎኑ ካላስቸገረህ አይወጣም፣ አንዳንዱማ ቀስ በቀስ የሚሟሟ ዓይነት ነው፣ የኦፕራሲዮን ወረቀትህ ላይ ተጽፏል። ድንዛዜው ሳይሆን ባትህ ካበጠና ስትጫነው ካመመህ፣ ወይ ትኩሳት መጥቶ ጉልበትህ ከቀላ፣ ወይ ትንፋሽ ካጠረህ ግን ቀጠሮህን አትጠብቅ፣ ያኔውኑ ሐኪም ቤት ሂድ።